ፈጣን ላፕቶፕ እንዴት እንምረጥ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ላፕቶፕ አመራረጥ ነው። ላፕቶፕን ፈጣን የሚያደርገው ምንድን ነው? ራሙ ስንት ቢሆን ይበቃል? ስቶሬጁስ? እነዚህን አንድ በአንድ እናያለን። መጻፍ የሚገባቸው ጥቂት ቁጥሮች ስላሉ እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ላፕቶፕ እስከ ብሎኑ ድረስ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። የሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱት ግዙፍ የኮምፒውተር ማዕከላት የዓለምን የሚሞሪ ቺፕ እየጠቀለሉ መግዛት ጀመሩ፤ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። ከታላላቆቹ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን፣ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ያቀርብ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ መሸጥ እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አስታወቀ።

ዋጋው እንዲህ ሲወጣ ፍላጎቱ አልቀነሰም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቶችን ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኦንላይን እንዲማሩ ጋብዟል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ያለ ላፕቶፕ ፕሮጀክቱን አይጨርስም። ሒሳብ የሚሠራው፣ ዲዛይን የሚሠራው፣ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሁሉ እንጀራው እዚያ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ዕቁብ ጠብቆ፣ ከዘመድም ተበድሮ ለልጁ ላፕቶፕ ሲገዛ ያ ብር በከንቱ መሄድ የለበትም።

ስለዚህ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ይህን ያዙ፦ ገንዘባችሁን የዕለት ሥራችሁ በሚፈልገው ነገር ላይ አውሉ፤ የተነገራችሁንም ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ ላይ አረጋግጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ራምንና ስቶሬጅን እንለይ። ሻጩ «ባለ 8፣ ባለ 256 ነው» ሲላችሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየነገራችሁ ነው። 8 ያለው ራሙን ነው፤ 256 ያለው ስቶሬጁን። ሁለቱም በጊጋባይት፣ በለመድነው አጠራር በጊጋ፣ ስለሚለኩ ይምታታሉ። «256 ጊጋ ሚሞሪ አለው» ተብሎ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ገዝቶ የሄደ ሰው ጥቂት አይደለም።

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አስቡ። ከፊቷ ዕቃዋን የዘረጋችበት ንጣፍ አለ፤ ከኋላ ጆንያዎቿን ያከማቸችበት መጋዘን አለ። የምትመዝነውና የምትሸጠው ንጣፉ ላይ ያለውን ነው። ንጣፉ ራም ነው፤ መጋዘኑ ስቶሬጅ ነው፤ ነጋዴዋ ራሷ ፕሮሰሰሩ ናት። ንጣፉ ከጠበበ፣ ገዢ ሽንኩርት በጠየቀ ቁጥር ድንቹን አንስታ ወደ መጋዘን መመለስ፣ ሽንኩርቱን አውጥታ መዘርጋት ይኖርባታል። እጇ ምንም ቢፈጥን ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ማታ ደግሞ ንጣፉ ይነሳል፤ መጋዘን የገባው ግን ያድራል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ ስትጽፉ መብራት ሲሄድ «ሴቭ» ያላላችሁት ጽሑፍ የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ ገና ራም ላይ ነበር።

አሁን ሁላችንም የምናማርርበት ነገር ይገባናል። ላፕቶፑ «ስታክ ያደርጋል» የምንለው ብዙ ጊዜ ራሙ ሲሞላ ነው። ዊንዶውስ ራም ሲያልቅበት ሥራውን አያቆምም፤ ከስቶሬጁ ላይ ቦታ ወስዶ እንደ ራም ሊገለገልበት ይሞክራል። ስቶሬጁ ዘገምተኛ ከሆነ ማውዙ ይደርቃል፣ መስኮቱ ነጭ ይሆናል፣ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ የራሙ መጠንና የስቶሬጁ ዓይነት ተያይዘው የሚታዩ ናቸው፤ አንዱ ከደከመ ሌላውንም ይዞት ይደክማል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ስቶሬጁ ዓይነት እንሂድ፤ በፍጥነት ረገድ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለ፤ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ሲያወጣ ማሽኑ አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ዛሬ መጠኑ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዲት ቀጭን ክንድ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያለች መረጃውን ትፈልጋለች። ክንዷ አንድ ቦታ ለመድረስ በሰከንድ መቶኛ የሚቆጠር ጊዜ ይወስድባታል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ሲነሳ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ይጠራል፤ ያ ሁሉ ሲደመር ደቂቃ ይሆናል።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። መረጃውን በቺፕ ላይ ስለሚይዝ የተጠራውን ወዲያው ያቀርባል። በቁጥር ስናየው፣ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 550፤ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ደግሞ በሦስተኛው ትውልድ ብቻ እስከ 3,500 ይደርሳል። ከሳታ ወደ ኤን ቪ ኤም ኢ ብትሻገሩ ጽሑፍ በመጻፍና ኢንተርኔት በማየት ላይ ብዙ ለውጥ አታዩም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ብትሻገሩ ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዩታላችሁ። ሃርድ ዲስክ ሲወድቅና ሲንገጫገጭም በቀላሉ ይጎዳል፤ ላፕቶፑን በጀርባ ቦርሳ ይዞ በባጃጅ ለሚመላለስ ተማሪ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ርካሽ በሆኑ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ኢ ኤም ኤም ሲ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት አለ። መጠኑ ብዙ ጊዜ 64 ጊጋ ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ዊንዶውስና ዝመናዎቹ ብቻ ይሞሉታል። ይህን የዕለት ሥራ ለሚሠራ ሰው አንመክርም።

መጠኑስ? ለጽሑፍ፣ ለትምህርትና ለሒሳብ ሥራ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ዲዛይንና ቪዲዮ ለሚሠራ 512 ይሻላል። ፊልሙን፣ የሠርግ ቪዲዮውንና የቆየውን ፎቶ በውጭ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡት። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ስለሚዘገይ ከአምስት አንድ እጁን ባዶ ተዉለት።

አንድ ነገር እንጨምር። 256 ጊጋ ብላችሁ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 238 ቢላችሁ አልተታለላችሁም። አምራቹ ጊጋውን በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል። በዚሁ ስሌት 512 ያለው 476፣ 1 ቴራ ያለው 931 ሆኖ ይታያል። መጠርጠር ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ከሌላው ሁሉ በጣም ርካሽ ሆኖ «2 ቴራ» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ። እንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ ለኮምፒውተሩ የሐሰት ቁጥር እንዲያሳዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ፋይላችሁን የተቀበሉ መስለው ይበሉታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራም። ምን ያህል ይበቃል የሚለው በሥራችሁ ይወሰናል።

4 ጊጋ ለዊንዶውስ 11 በወረቀት ላይ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ነው። ይነሳል፤ ነገር ግን ጉግል ክሮም ላይ ጥቂት ገጾች ከከፈታችሁ መጨናነቅ ይጀምራል። ዛሬ ገንዘብ አውጥቶ ለሚገዛ ሰው መነሻው 8 ጊጋ ነው። በ8 ጊጋ ወርድና ኤክሴል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ ኢንተርኔት፣ የኦንላይን ትምህርት ሁሉ በሰላም ይሠራል። አርክቴክቸርና ሲቪል ምህንድስና ለሚማር፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ መተግበሪያ ለሚሠራ ግን 16 ጊጋ ያስፈልጋል። የአንድሮይድ ስቱዲዮ መመሪያ ራሱ፣ ፕሮግራሙን ከነስልክ ማስመሰያው ለማስኬድ 16 ጊጋ ይላል። የንድፍ ፕሮግራሙ አውቶካድ በቅርብ ዓመታት እትሞቹ ቢያንስ 8 ይጠይቃል፤ 32 ይመክራል። ሬቪት ደግሞ በቅርብ ዓመታት እትሞቹ ቢያንስ 16 ይጠይቃል።

ነገር ግን ዛሬ 16 ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ ሌላ መንገድ አለ። ራም የሚጨመርበት ላፕቶፕ ምረጡ። ያገለገሉ ሆነው ወደ ገበያችን ከሚመጡት የቢሮ ላፕቶፖች መካከል፣ እነ ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ራም የሚሰካበት ቦታ አላቸው። ዛሬ በ8 ጀምራችሁ ከርሞ 8 ትጨምራላችሁ። በጣም ቀጫጭኖቹ ግን ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ በገዛችሁት መጠን ትኖራላችሁ። ስትጨምሩም ዓይነቱን ጠይቁ፤ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ ከአንድ ባለ 8 የተሻለ ፍጥነት እንደሚሰጡም አትርሱ።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ በብዛት የሚያሳስተው ስሙ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ሲባል ልባችን ይደነግጣል። የኢንቴሉ አይ 7 ግን ዘመን አለው። ለምሳሌ አይ 7 7500 ዩ የሚባለው የ7ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያለው 2 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚሠሩ 2 ክፍሎች፣ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው አይ 5 8250 ዩ 4 ኮር አለው፤ ብዙ ሥራ በአንዴ ሲጫንበት አይ 7 የተባለውን ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በ8 ከጀመረ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ በ10 ከጀመረ 10ኛ፣ በ12 ከጀመረ 12ኛ ነው።

ቁጥሩን ከ8ኛ የጀመርነው በምክንያት ነው። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ጥቂት የተለዩ ሞዴሎችን ትተን፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ኢንቴል ነው። ራይዘን የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከመረጣችሁ የላፕቶፖቹን ከ3000 ተከታታይ ወዲህ ያለውን ያዙ። ሴሌሮን የሚል ካያችሁ ከቀላል ጽሑፍና ከኢንተርኔት ያለፈ ሥራ አትጠብቁበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምንናገረው የድሬዳዋን ሰው በተለይ ይመለከታል፤ ስለ ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ የከተማችን ፀሐይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። አፕል ለማክቡክ ላፕቶፖቹ ያስቀመጠው የመሥሪያ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሞቃቶቹ ወራት በድሬዳዋ ቀትር ላይ 35ን ማለፍ የተለመደ ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሲፈጥን ያየነው ላፕቶፕ ድሬ መጥቶ ቢዘገይ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እዚህ ስንመርጥ የአየር መውጫው ሰፊ የሆነ፣ ፋኑ በደንብ የሚሠራ ላፕቶፕ ይሻለናል። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ፋን የሌላቸውን ቀጫጭን ሞዴሎች ባይገዛ ይመረጣል። ፍራሽና ትራስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፤ መተንፈሻው ይዘጋል። የከተማችን አቧራ ፋን ውስጥ ገብቶ ስለሚጋገር ቢያንስ በዓመት አንዴ በባለሙያ አስጠርጉት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ። ባትሪን በቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሁልጊዜ 100 በመቶ ተሞልቶ መቆየት ነው፤ ብዙ አምራቾች ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ ስላላቸው ቤት ውስጥ ሰክታችሁ የምትሠሩ ተጠቀሙበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ሊጨምር ስለሚችል ቻርጀሩን መከላከያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰኩ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ በንግድ የኖረች ናት። ታይዋን ገበያ ገብተን ዕቃ አገላብጦ ማየት፣ ዋጋ መከራከር እናውቅበታለን። ላፕቶፕ ላይ ግን ብዙዎቻችን እናፍራለን፤ ሻጩ ያለውን ሰምተን እንከፍላለን። ማፈር አያስፈልግም። በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ከመግዛቴ በፊት ከፍቼ ልየው። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ ሃርድ ዲስክ? ራሙ ይጨመራል? ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው? ደረሰኝ ትሰጠኛለህ?» ሐቀኛ ነጋዴ በዚህ አይከፋም።

ሲከፈትላችሁ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ጫኑ። ሲፒዩ ሲል የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ታያላችሁ፤ ጄኔሬሽኑን እዚያ አንብቡ። ሚሞሪ ሲል የራሙን መጠን፣ ከስንት መሰኪያ ስንቱ እንደተያዘ ያሳያችኋል። ዲስክ ሲል ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ ይጽፋል፤ ኤችዲዲ ማለት ሃርድ ዲስክ ነው። ስቲከር ተልጦ ሌላ ሊለጠፍ ይችላል፤ እዚህ የምታነቡት ግን የበለጠ ይታመናል።

ላፕቶፑ ያገለገለ ከሆነ ባትሪውን መርምሩ። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ክፈቱና ፓወር ሲ ኤፍ ጂ ብላችሁ ጻፉ፤ ክፍተት ስጡ፤ የስላሽ ምልክት (/) አድርጉ፤ ባትሪ ሪፖርት የሚለውን ሳታለያዩ ጻፉና ኢንተር በሉ። አንድ ሰነድ ይወጣል። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፤ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ የቀረው ነው። 50,000 የነበረው 25,000 ከቀረው ግማሹ አልቋል፤ ዋጋው ላይ ተከራከሩበት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛ ይነግራችኋል።

ከዚያ ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ንኩ፤ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሞክሩ። አንድ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ ፋኑ ቢጮህ፣ ቢያቃጥል፣ ቢጠፋ እዚያው ታያላችሁ። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥር ይጻፍ፤ የተሰረቀ ዕቃ ባለማወቅ ከመግዛት አንዱ መጠበቂያችሁ ይህ ነው።

ቤታችሁ ያረጀ ላፕቶፕ ያላችሁም አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሃርድ ዲስኩን አስወጥታችሁ ኤስኤስዲ ብታስገቡበት፣ ራሙንም ወደ 8 ብታደርሱት ለተማሪ ልጅ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ዲስኩ ከመቀየሩ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ የወጣውንም ሃርድ ዲስክ ተቀብላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ ፎቷችሁና ሰነዳችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አድማጮቻችን፣ የያዛችሁትን ወረቀት አንድ ጊዜ እናጣራ። ኤስኤስዲ፣ ከ256 ጊጋ የማያንስ። ራም፣ ለተለመደ ሥራ 8፣ ለከባድ ሥራ 16፣ ቢቻል የሚጨመር። ፕሮሰሰር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ። ፋኑና ባትሪው የተፈተሹ። ደረሰኝ ከነሴሪያል ቁጥሩ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ በመጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ስም ከአይ 7 ወደ አይ 5 ዝቅ አድርጉ፤ ቀጥሎ ከአዲስ ወደ ያገለገለ ውረዱ፤ ኤስኤስዲውንና 8 ጊጋ ራሙን ግን አትልቀቁ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ምን እንደሚማርና በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ ሳትጠይቁ ወደ ሱቅ አትሂዱ። ኮምፒውተር የምታውቁ ወጣቶች ደግሞ ጎረቤታችሁ፣ አክስታችሁ፣ የሠፈራችሁ ሰው ሊገዛ ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ፤ የእናንተ ግማሽ ቀን ለዚያ ቤተሰብ የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነበር። በቀጣዩ ዝግጅታችን ፋይላችንን ከቫይረስና ከመጥፋት እንዴት እንደምንጠብቅ እናያለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)